አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ፦ በሐረር የአንድ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽና የቀን አቆጣጠር ፕለጊን የጉዳይ ጥናት

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ሲቃረብ አንዱን ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ማከራየቱን ያወቀው፣ ሁለቱም ቤተሰቦች ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ሲገናኙ ነበር። ሁለቱም ከድረ ገጹ የተላከ ማረጋገጫ በእጃቸው ነበር፤ ሁለቱም ማረጋገጫዎች ትክክለኛ ነበሩ። በዚያው ሳምንት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ክፍሉ ከተያዘለት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ደረሰ፤ በኢሜይል የተነገረው ቀን ግን እሱ የደረሰበት ቀን ነበር።

በአውሮፕላን የሚመጣ የሐረር እንግዳ የሚያርፈው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ከዚያ በመኪና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ይገባል። በቁልቢ ሰሞን ደግሞ በሁለቱም ከተሞች አልጋ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ያን ምሽት ከሕፃናት ጋር ደጅ ላይ የቆመው ቤተሰብ ችግር ተራ የኮምፒዩተር ስህተት ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም። የቤቱ ባለቤት የራሳቸውን መኝታ ለቀው እንግዶቹን አሳደሩ፤ በማግስቱም ድሬዳዋ ወደምንገኘው ወደ እኔና ወደ ባልደረባዬ ደወሉ።

ቤቱ ጌ ጋር የሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው። ነደባው በሚባለው ከፍ ያለ የቤቱ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን፣ በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ሥር ላፕቶፑን ከፍተን የተፈጠረውን ስንጠይቃቸው፣ ባለቤቷ በስልክ የተያዙትን ክፍሎች የሚጽፉበትን ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ማሽኑ አድሺኝ አለኝ፤ አደስኩት። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ጥፋት አልነበረባቸውም። ይህን በመጀመሪያ መናገር የምፈልገው ባለሙያዎች ተመሳሳይ ችግር ሲገጥም «ለምን ነካችሁት?» ማለት ስለሚቀናቸው ነው። የድረ ገጽን ክፍሎች በወቅቱ ማደስ የደኅንነት ግዴታ ነው፤ በመታደሱ ምክንያት የሚፈርስ ሥራ ቀድሞውንም በተሳሳተ ቦታ የተሠራ ሥራ ነው።

ስህተቱ የተቀመጠበት ቦታ

ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሲሆን፣ ክፍል የሚያስይዘው በነፃ ከሚገኙት ፕለጊኖች፣ ማለትም በድረ ገጹ ላይ ተጨማሪ ሥራ ከሚጨምሩ ተሰኪ ፕሮግራሞች አንዱ ነበር። ያ ፕለጊን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ባለሙያ፣ ደንበኞች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ክፍል እንዲይዙ ሲጠየቅ የፕለጊኑን ፋይሎች ከፍቶ እዚያው ውስጥ ለወጣቸው። የቀን መምረጫውን አውጥቶ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚሞላባቸው ሦስት ሳጥኖች አስገባ፤ የተሞላውንም ሳይቀይር ልክ እንደተጻፈ የድረ ገጹ መረጃ ወደሚከማችበት ዳታቤዝ አስገባው። ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 በዳታቤዙ ውስጥ 2016-04-18 ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው። ሁሉም ነገር በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከተነጻጸረ ድረስ ይህ ለወራት ያለ ችግር ሠራ፤ ባለሙያውም ደንበኛው የጠየቀውን በጊዜው አድርሷል።

በኅዳር ወር ፕለጊኑ ሲታደስ ዎርድፕሬስ የተለመደውን አደረገ፤ የአሮጌውን ፕለጊን አቃፊ ሙሉ በሙሉ አስወግዶ አዲሱን በቦታው አስቀመጠ። የባለሙያው ለውጥ ከአሮጌው አቃፊ ጋር አብሮ ጠፋ። አዲሱ ኮድ በዳታቤዙ ያገኘውን 2016-04-18 እንደ ጎርጎርዮስ ቀን አንብቦ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ የኤፕሪል ቀን አድርጎ ወሰደው። ስለዚህ በጥቅምት ወር የተያዘው ክፍል በእሱ ዓይን ባዶ ነበር፤ ለሁለተኛው ቤተሰብም አከራየው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ ነበረ። የዳታቤዙ ዓምድ ቀን ብቻ የሚቀበል ዓይነት ስለሆነ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሌለ ቀን ሲሰጠው ምንም ሳይል ዜሮዎችን ይጽፋል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 30 ለማሽኑ ፌብሩዋሪ 30 ሆነ፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ናት። በእነዚህ ቀናት ክፍል የያዙ እንግዶች መዝገብ ሁሉ 0000-00-00 ተብሎ ተገኘ። እነዚያን መልሰን ያገኘናቸው ከባለቤቷ ደብተርና ለእንግዶች ከተላኩ ኢሜይሎች አንድ በአንድ እያመሳከርን ነው።

የውጭ አገሩ እንግዳ ስህተት ግን ምንጩ ሌላ ነበር። የቀድሞው ባለሙያ በኢሜይሉ ላይ የሚጻፈውን ቀን የሚቀይረው መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው በሚል ግምት ነበር። በአብዛኛው ዓመት እውነት ነው። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 የነበረችበት ዓመት ስለሆነ 2016 የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ድረስ ያለው እያንዳንዱ ቀን በዚያ ስሌት በአንድ ይዛነፋል። በሌላው ዓመት ዲሴምበር 28 የሚውለው ታኅሣሥ 19፣ በዚያ ዓመት ዲሴምበር 29 ነበር።

ለውጡን ከውጭ ማያያዝ

ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ በኋላ በቀጣዩ ዓመት በ1.2 ስሪቱ የፕለጊን ሥርዓት ሲጨመርለት፣ መፍትሔ የተደረገው ይኸው ዓይነት ችግር ነው፤ ሰዎች ዋናውን ኮድ እየከፈቱ የየራሳቸውን ለውጥ ያስገቡ ነበር፤ ይህም በእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ይጠፋባቸው ነበር። መፍትሔው ዋናው ኮድ በሥራው መካከል በተወሰኑ ቦታዎች ቆም ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ሆነ። እነዚህ ቦታዎች ሁክ ይባላሉ፤ ሁለት ዓይነት ናቸው። አክሽን የሚባለው «አሁን ይህ ተፈጽሟል፤ የምትሠራው ካለ ሥራ» ይላል። ፊልተር የሚባለው ደግሞ «ይህን ልጽፍ ነው፤ የምትለውጠው ካለ ለውጠህ መልስልኝ» ይላል። የእኛ ኮድ በራሱ አቃፊ ተቀምጦ ለእነዚህ ጥያቄዎች ብቻ መልስ ይሰጣል። ዋናውም ሆነ ሌሎች ፕለጊኖች ሲታደሱ የእኛን አቃፊ የሚነካው የለም።

ሥራውን ስንጀምር ሁለት ነገር ወሰንን። በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ምንጊዜም የጎርጎርዮስ ቀን ብቻ እንዲሆን፣ የኢትዮጵያው ቀን የሚታየውና የሚሞላው ደግሞ በሰው ዓይን ፊት ብቻ እንዲሆን ነው አንደኛው። ሁለተኛው፣ የእኛ ፕለጊን ቢጠፋ ወይም ቢነቀል ቤቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ክፍል ማከራየቱን ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ነው። ይህን ሁለተኛውን ውሳኔ እንደ ፈተና እንጠቀምበታለን፤ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሲነቀል ድረ ገጹ ከቆመ፣ ያ ክፍል ተጨማሪ ሳይሆን ምሰሶ ሆኗል ማለት ነው።

ስሌቱን ከባዶ ጻፍነው። የሁለቱን አቆጣጠሮች ቀኖች በሰንጠረዥ ከማዛመድ ይልቅ፣ እያንዳንዱን ቀን ከአንድ የጥንት መነሻ የተቆጠረ ተራ ቁጥር አድርገን ያንን ቁጥር ወደሚፈለገው አቆጣጠር መመለስን መረጥን። የኢትዮጵያው አቆጣጠር በዚህ ረገድ ቸር ነው፤ 12ቱ ወራት 30 ቀን አላቸው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ለዚህ ምንም ልዩ ሁኔታ የለበትም። አስቸጋሪው የጎርጎርዮሱ ነው። እሱ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘልሏል፤ በ2100ም ይዘላል።

ይህንን ስንፈትሽ የገጠመንን በዝርዝር ልንገር። ባልደረባዬ ለመፈተሻ የመረጠው ቀን ማንም ኢትዮጵያዊ የማይስተውን ነበር፤ የዓድዋ ድል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። ኮዳችን ማርች 1 ቀን 1896 ብሎ መለሰ። በዓሉ በየዓመቱ ማርች 2 እንደሚከበር ስለምናውቅ፣ ስሌታችን በአንድ ቀን ተዛብቷል ብለን ግማሽ ቀን ስህተቱን ፈለግን። ስህተት አልነበረም። ድሉ የተገኘው በእርግጥ ማርች 1 ነው፤ በ1900 የተዘለለችው አንዲት ቀን ናት የካቲት 23ን ወደ ማርች 2 የገፋቻት። የቀድሞው ባለሙያ ስሌት ለዚህ ጥያቄ ማርች 2 ብሎ ይመልስ ነበር፤ እኛም ትክክል ነው ብለን እንቀበለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህች ቀን በፈተናችን ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያዋ ናት።

ሁኩን በመምረጥ ረገድ ግን እኛም ተሳስተናል። ዎርድፕሬስ ቀን በሚጽፍበት ቦታ ሁሉ የሚያልፍ wp_date የሚባል አንድ ፊልተር አለ፤ ኮዳችንን እዚያ ብናያይዘው የድረ ገጹ ቀኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ ብለን አሰብን። በእርግጥም ተለወጡ። በሙከራው ቅጂ ላይ ባልደረባዬ ሳያስበው ያለፈውን ቀን መርጦ አንድ ክፍል ጠየቀ፤ ድረ ገጹም ትናንት ለማደር ማረጋገጫ ላከለት። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የክፍል ማስያዣው ፕለጊን የዛሬን ቀን የሚጠይቀው በዚያው መንገድ ስለሆነ ዛሬ ማለት 2016 ነው ተብሎ ተነገረው፤ በ2024 የተጻፈ ቀን ሁሉ ደግሞ ለእሱ ገና የሚመጣ ቀን ሆነ። ሰው ለሚያነበው የታሰበው ለውጥ ማሽን የሚያነበውን አበላሸ።

ያንን አያያዥ አነሳነው። በምትኩ የማስያዣው ፕለጊን ራሱ ለሌሎች ብሎ የከፈታቸውን ፊልተሮች ፈለግን፤ በቅጹ ላይ ቀን የሚታይበት፣ የተሞላው ቀን ከመቀመጡ በፊት የሚያልፍበት፣ ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት የሚዘጋጅበት ሦስት ቦታ አገኘን። የእኛ ኮድ የሚሠራው በእነዚህ ሦስት በሮች ላይ ብቻ ነው። ለማንኛውም ፕለጊን ለመምረጥ ለሚያስብ ሰው የምሰጠው ምክር ከዚህ የመጣ ነው፤ ስለ ውበቱና ስለ ዝርዝር አገልግሎቱ ከመጠየቅ በፊት ለሌሎች ኮዶች ስንት በር እንደከፈተ ይታይ። በር የሌለው ፕለጊን ምንም ያህል ቢያምር አንድ ቀን ፋይሉን ከፍቶ ለመቁረጥ ያስገድዳል።

ሰዓቱም የራሱን ሥራ ጠይቋል፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት መቀነስ ቀላል ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን አደናጋሪ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደርስን እንግዳ ሾፌሩ በየትኛው ቀን ይጠብቀው? በማሽኑ ማክሰኞ ነው፤ ለሾፌሩ ገና ሰኞ ሌሊት ነው። በመልእክቱ ላይ «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ እንዲጽፍ አደረግን፤ ከዚያ በኋላ በዚህ የተሳሳተ ሾፌር አልገጠመንም።

በሚያዝያ ወር ባለቤቷ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ሸዋሊድ የሚባለው የሐረሪዎች በዓል በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ በዓሉ የሚጠይቁ እንግዶች በርክተው ነበር፤ እሳቸውም የበዓሉ ቀኖች በመምረጫው ላይ እንዲታዩ ፈለጉ። በዓሉ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስቱ ቀን የሸዋል ጾም ሲጠናቀቅ የሚከበር በመሆኑ ቀኑ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። የሂጅራን አቆጣጠር በስሌት መጻፍ እንችል ነበር፤ ስሌቱ ግን ጨረቃዋን አያያትም። ስለዚህ በራሳችን ፕለጊን ላይ እኛም አንድ ሁክ ከፈትን፤ መምረጫው ከመታየቱ በፊት «በእነዚህ ቀኖች ላይ ልትጽፍ የምትፈልገው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ቤት ብቻ በተጻፈች ትንሽ ፕለጊን ውስጥ ባለቤቷ ቀኑን በእጃቸው ያስገባሉ፤ ዋናው የቀን ፕለጊን ስለ ሸዋሊድ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም።

በሦስት ቦታ የተገለበጠው ኮድ

እስካሁን የተነገረው የማስፋት ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ የተጻፈን ኮድ በሌላ ሥራ ላይ ደግሞ መጠቀም የሚባለውን ግን በዚህ ጊዜ ገና አላወቅነውም ነበር፤ ያወቅን መስሎን ነበር።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ምዝገባ ቅጽ አሠራን። የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሞላት ነበረበት። የሐረሩን አቃፊ ገልብጠን፣ ስለ ክፍልና ስለ እንግዳ የሚናገረውን አውጥተን፣ በሁለት ቀን አስረከብን። የገለበጥነው ግን ከባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ የነበረ አሮጌ ቅጂ ነበር። በዚያ ቅጂ የጳጉሜን ቀኖች ዝርዝር በ5 ያበቃ ነበር፤ በሐረሩ ላይ ይህን ካስተካከልን ወራት አልፈዋል።

አንድ አባት ልጁን ሦስተኛ ክፍል ሊያስመዘግብ መጣ። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጳጉሜን 6 ቀን 2007 ይላል። ቅጹ 6 የሚል ምርጫ የለውም። መዝጋቢዋ የምታደርገው ስታጣ 5 ብላ ሞላች፤ ከምስክር ወረቀቱ ጋር ሲመሳከር ደግሞ አልገጥም ብሎ ፋይሉ ተመለሰ። አባትየው ሁለት ጊዜ ከሥራ ቀርቶ ተመላለሰ። እኛ ጉዳዩን የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ የተወለደበት ቀን በእርግጥ አለ፤ 2007 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ያንን የሚያውቅ ኮድ እኛው ጽፈናል፤ በሌላ አቃፊ ውስጥ ነበር።

ይህ ክስተት እኔን ከክፍሉ ስህተት ይበልጥ አሳስቦኛል። የመጀመሪያውን የሠራው ሌላ ሰው ነበር፤ ይህን የሠራነው እኛ ነን። የገለበጥነው ኮድ ከተገለበጠበት ሰዓት ጀምሮ የየራሱን ዕድሜ መኖር ይጀምራል፤ በአንዱ የተስተካከለው ለሌላው አይደርስም። ስለዚህ ሥራውን በሦስት ንብርብር ከፈልነው። ከታች ስሌቱ ብቻ ያለበት ክፍል አለ፤ ይህ ስለ ዎርድፕሬስ ምንም አያውቅም፤ ቀን ተቀብሎ ቀን ይመልሳል። ከእሱ በላይ ስሌቱን ከሁኮች ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ፕለጊን አለ። ከላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ የሆነ፣ አንዳንዴ ከ20 መስመር የማይበልጥ ፕለጊን አለ። የታችኞቹ ሁለቱ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ናቸው፤ የሚቀመጡት በአንድ ቦታ ነው፤ ሲስተካከሉ ለሁሉም ይስተካከላሉ።

ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ቀን ለምን አላሰመርነውም የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ብናሰምረው ኖሮ በተሳሳተ ቦታ እናሰምረው ነበር ብዬ አምናለሁ። አንድ ደንበኛ ብቻ ሳለን የትኛው የሁሉም፣ የትኛው የዚያ ቤት ብቻ እንደሆነ የሚለይ ማስረጃ አልነበረንም። «ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለውን የሰዓት አጻጻፍ ለምሳሌ የዚያ ቤት ልዩ ፍላጎት ነው ብለን ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ የመጣው አንድ ክሊኒክ ለሌሊት ተረኞቹ ያንኑ ጠየቀ። በአንጻሩ ለሁሉም ይጠቅማል ብለን ብዙ የደከምንበትን ቀኖችን በግእዝ ቁጥር የማሳየት ምርጫ እስካሁን የከፈተው ደንበኛ የለም።

ክሊኒኩ ላይ አንድ ሌላ ነገር ተማርን። ሁለት ፕለጊኖቻችን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ሲጫኑ ሁለቱም የስሌቱን ክፍል በሆዳቸው ይዘው ስለነበር፣ ዎርድፕሬስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተሰየመ ብሎ ሥራ አቆመ፤ ገጹ ነጭ ሆነ። አሁን ስሌቱ ራሱን የቻለ አንድ ፕለጊን ነው፤ ሌሎቹ ከመነሳታቸው በፊት መኖሩንና ስሪቱን ይጠይቃሉ፤ ካላገኙት ለአስተዳዳሪው መልእክት አሳይተው ዝም ይላሉ እንጂ ገጹን ይዘው አይወድቁም።

በዚህ ጽሑፍ ጊዜ ሦስቱም ድረ ገጾች በአንድ ስሌት ይሠራሉ። የሐረሯ ባለቤት የማስያዣውን ፕለጊን ራሳቸው ያድሳሉ፤ ከማደሳቸው በፊት ቅጂ ማስቀመጥን ለምደዋል፤ ደብተሩንም አልተዉም፤ እንዲተዉም አልመከርናቸውም። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ታርሟል። የዚያ ልጅ የልደት ቀን ከዓድዋ ቀጥሎ በፈተና ዝርዝራችን ሁለተኛ ሆኖ ተጽፏል። ቀኑ ከ2007 ወዲህ የተመለሰው በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የሚቀጥለው በ2019 ነው፤ ለእሱም የሦስቱን ድረ ገጾች የሙከራ ቅጂዎች ሰዓት ወደ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 አሻግረን፣ ክፍል አስይዘን፣ ተማሪ መዝግበን፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ሰጥተን አይተናል።